ፋርማሲ፣ ሕክምና፣ ላቦራቶሪ ወይስ ደረጃ 4? የፋርማሲን ትምህርት ክብደት አነጻጽሮ ለመምረጥ

የፍሬሽማን ዓመት ሊገባደድ ሲል፣ የትምህርት ክፍል መምረጫው ቅጽ ገና ሳይሞላ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በየዶርማቸው የሚጠያየቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ፋርማሲ ይከብዳል እንዴ?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ሕክምናን አንደኛ ምርጫው አድርጎ ሊሞላ አስቦ፣ ጂፒኤው እንደማያደርሰው መጠርጠር የጀመረ ተማሪ ነው። የሚያገኘው መልስም ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ከሕክምና ይቀላል፤ አትፍራ» ይለዋል፤ ሌላው «ኬሚስትሪው ይፈጅሃል» ብሎ ያስደነግጠዋል። ሁለቱም ፈጽመው አልዋሹም፤ ነገር ግን የትምህርትን ክብደት እንደ ጤፍ በኪሎ ስለሚመዝኑት፣ ቅጹን ለሚሞላው ተማሪም ሆነ አብሮት ለሚጨነቀው ወላጅ ብዙ አይጠቅሙም።

እኔ ፋርማሲን ተምሬ፣ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል እየሠራሁ፣ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ለዓመታት አለማምጃለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ እንዳየሁት እያንዳንዱ የጤና ትምህርት የሚያደክመው የየራሱን ነገር ነው። ሕክምና እንቅልፍን ይነጥቃል፤ ነርሲንግ እግርንና ወገብን ይፈትናል፤ ላቦራቶሪ ዓይንን ያደክማል፤ ፋርማሲ ደግሞ ልብን፣ ማለትም ልብ ማለትን፣ ያለ ፋታ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽረው የትኛው ተማሪ የትኛውን ድካም ሊሸከም እንደሚችል ነው።

አምስቱ ዓመታት የሚጠይቁት

የፋርማሲ ትምህርት በአገራችን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለረጅም ዘመን የአራት ዓመት ትምህርት ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ ዋና ትኩረቱም መድኃኒቱ ራሱ ነበር፤ ይኸውም መድኃኒት እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ እንዴት እንደሚመረመር፣ እንዴት እንደሚከማችና እንደሚታደል ማወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የተደረገው አገር አቀፍ የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ የትምህርቱን ዘመን ወደ አምስት ዓመት አሳድጎ ትኩረቱን ከመድኃኒቱ ወደ ታማሚው አዞረው። ለተማሪው ግን ለውጡ ሸክም የሚያቀልል አልሆነም፤ ኬሚስትሪው ጠበብ አለ እንጂ አልወጣም፤ በላዩ ላይ ክሊኒኩ ተደረበበት። የዛሬ ሃያ ዓመት ፋርማሲ የተማረ ዘመድ ጠይቆ የሚመርጥ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ዘመዱ በቅንነት የሚነግረው ስለ ሌላ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ዓመት በአናቶሚ፣ በፊዚዮሎጂ፣ በባዮኬሚስትሪ፣ በማይክሮባዮሎጂና በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የተሞላ ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው ድካም ከሌሎች የጤና ተማሪዎች ድካም ብዙም አይርቅም፤ የሚለየው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪው ነው። ኦርጋኒክን ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ሸምድዶ ያለፈ ተማሪ ሜዲሲናል ኬሚስትሪ ላይ ሲደርስ ዕዳውን ከነወለዱ ይከፍላል። እዚያ የሚጠየቀው የመድኃኒቱን ስም መጥራት ሳይሆን፣ በፔኒሲሊን ላይ ያለችው የጎን ሰንሰለት ስትቀየር መድኃኒቱ የጨጓራ አሲድን ተቋቁሞ በአፍ ሊሰጥ የቻለው ለምን እንደሆነ ማስረዳት ነው።

ከአምስቱ ዓመታት ሁሉ የሚከብደው በእኔ ግምት መካከለኛው ነው። ፋርማሱቲክስ (የመድኃኒት አዘገጃጀት)፣ ፋርማኮሎጂ (መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ)፣ ፋርማኮግኖሲ (ከተፈጥሮ የሚገኙ መድኃኒቶች)፣ ፋርማሱቲካል አናሊሲስ (የመድኃኒት ምርመራ) እና ሜዲሲናል ኬሚስትሪ ይደራረባሉ፤ አብዛኞቹም ከሰዓት በኋላ ላብ (የላቦራቶሪ ሥራ)፣ ማታ ደግሞ የላብ ሪፖርት አላቸው። የአናሊሲስን ላብ እንውሰድ። ተማሪው የአስፕሪን ክኒን ፈጭቶና መዝኖ፣ በውስጡ ያለው መድኃኒት በሳጥኑ ላይ ከተጻፈው መጠን ጋር መስማማቱን በታይትሬሽን፣ ማለትም ፈሳሽ በጠብታ እየጨመረ በመለካት፣ ይመረምራል። ከቢዩሬቱ፣ ከመለኪያው ቱቦ፣ የምትወርደው ጠብታ ፈሳሹን ፈዘዝ ያለ ሮዝ ስታደርገው እጁን ማቆም አለበት፤ አንዲት ጠብታ ካለፈችው ቀለሙ ጠልቆ ይቀራል፤ የደከመበት ሁሉ ተደፍቶ እንደገና ይጀመራል። በወረቀት ፈተና ኤ የሚያመጣ ጎበዝ ተማሪ በሦስተኛው ሙከራ ላይ ቢዩሬቱን ትክ ብሎ እያየ እንባው ሲመጣ አይቻለሁ። ከእሱ አጠገብ ደግሞ በክፍል ውስጥ መካከለኛ የሆነች፣ እጇ ግን የማይቸኩል ተማሪ ሥራዋን ጨርሳ ብርጭቆዎቿን ታጥብ ነበር።

ፋርማኮግኖሲ በተማሪዎች ዘንድ «የቅጠላ ቅጠል ትምህርት» እየተባለ ይናቃል፤ እኔ ግን ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። ኮሶንና እንዶድን በስም የማያውቅ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው፣ ተክሉ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት ሥራ የዚህ ትምህርት ምሳሌ ነው። ያም ሆኖ ፈተናው የተክሎችን የላቲን ስምና የውስጥ ኬሚካላቸውን ዝርዝር ስለሚጠይቅ ፍቅሩ ብቻ አያሳልፍም።

ፋርማኮሎጂ ብዙ ሰው የሚያስበው የሽምደዳ ባሕር ነው፤ ባሕርነቱ አይካድም። ሆኖም ዘዴ አለው። በ«ኦሎል» የሚጨርሱት እነ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ በ«ፕሪል» የሚጨርሱት እነ ኢናላፕሪልም እንዲሁ። ቤተሰቡን ያወቀ ተማሪ ልጆቹን አንድ በአንድ መሸምደድ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የየልጁን ጠባይ መለየት ነው። ፕሮፕራኖሎል ለደም ግፊት ይሰጣል፤ ደም ግፊት ላለበት የአስም ታማሚ ሲሰጥ ግን የመተንፈሻ ቧንቧውን ሊያጠብበት ይችላል። አራተኛው ዓመት ላይ የሚመጣው ፋርማኮቴራፒ፣ ማለትም በሽታን በመድኃኒት የማከም ትምህርት፣ ይህንኑ ያጠነክረዋል፤ በመጽሐፉ አንድ በሽታ በአንድ ምዕራፍ ይቀርባል፤ ታማሚው ግን ስኳሩንም፣ ግፊቱንም፣ የቲቢ መድኃኒቱንም ይዞ ነው የሚመጣው።

ሒሳቡን በተመለከተ ከባድ ነው ብሎ የሚያስፈራራ ሰው ቢገጥማችሁ አትመኑት፤ ቀላል ነው የሚለውንም እንዲሁ። የሚያስፈልገው የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ መሳሳት ግን አይፈቀድም። 14 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለሳንባ ምች በኪሎ 40 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ቀን ታዘዘለት እንበል። በአንድ ጊዜ 560 ሚሊግራም ይሆናል፤ በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ 11.2 ሚሊሊትር ማለት ነው። እስከዚህ ሁሉም ይደርሳል። የፋርማሲ ተማሪው ግን አሥሩን ጊዜ ደምሮ 112 ሚሊሊትር መሆኑን፣ ጠርሙሱ ግን 100 ሚሊሊትር ብቻ መያዙን፣ እናትየዋ አንድ ጠርሙስ ብቻ ይዛ ከሄደች መድኃኒቱ አምስተኛው ቀን ላይ እንደሚያልቅባት ልብ ማለት አለበት። በመደርደሪያው ላይ ያለው ደግሞ 125 ሚሊግራም የሚለው ጠርሙስ ሆኖ ሳለ ምልክቱን ሳያነብ ቢሰጣት ሕፃኑ የታዘዘለትን ግማሽ ይወስዳል። በፈተና ላይ ይህ የሁለት ነጥብ ጥያቄ ነው።

አምስተኛው ዓመት በሆስፒታል የሚያልፍ የተግባር ልምምድ ነው፤ ተማሪው በውስጥ ደዌ፣ በሕፃናት፣ በቀዶ ሕክምናና በመሳሰሉት ክፍሎች እየተዘዋወረ ከሐኪሞች ጋር ራውንድ ይወጣል፤ ከዚያም በመድኃኒት ቤትና በመጋዘን ይሠራል። የእኔን ላንሣ። የ60 ዓመት፣ 50 ኪሎ የሚመዝኑ፣ የክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤታቸው 2 የሆነ ታማሚ ነበሩ፤ የኩላሊታቸውን አቅም አስልቼ የመድኃኒቱን መጠን እንድናገር ተጠየቅሁ። ከ140 ላይ 60 ቀነስኩ፤ በ50 አባዛሁ፤ ለ72 ሲባዛ 2 አካፈልኩና «28 ገደማ» አልኩ። አለማማጄ ቻርቱን ዘጋ አድርጎ «እኚህ እናት ናቸው አባት?» አለኝ። በሴት ጊዜ በ0.85 እንደሚባዛ ረስቼው ነበር፤ ትክክለኛው 24 ገደማ ነው። አልጋው ላይ ያሉት እናት ሰምተው ፈገግ አሉ፤ እኔ ግን ያንን ቁጥር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከሕክምና ጋር ሲነጻጸር

ሕክምና ከኢንተርን ዓመቱ ጋር ከፋርማሲ ይረዝማል፤ ከዚያ በኋላ ስፔሻላይዝ ለማድረግ ለሚፈልግ ሌሎች ዓመታት ይከተላሉ። በንባብ ብዛት ረገድ ሕክምና ይበልጣል ብዬ ብናገር የሚከራከረኝ ፋርማሲስት ጥቂት ነው። ዋናው ልዩነት ግን ድካሙ የሚመጣበት መንገድ ነው። የሕክምና ተማሪ ከመካከለኛው ዓመት ጀምሮ በአታችመንት፣ ማለትም በሆስፒታል ክፍሎች በሚደረግ ልምምድ፣ ውስጥ ይኖራል፤ ሎንግ ኬዝና ሾርት ኬዝ በሚባሉት ፈተናዎች በታማሚው አልጋ አጠገብ ቆሞ በቃል ይጠየቃል፤ ኢንተርን ሲሆን ሌሊቱን ሙሉ ዲውቲ ያድራል፤ ጠዋት ደግሞ ሪፖርት ያቀርባል። ፊት ለፊት መጠየቅ የሚያስደነግጠው፣ እንቅልፍ ሲያጣ የሚታመም ተማሪ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

የፋርማሲ ተማሪ ሌሊቱን የሚያጣው በአብዛኛው በሚድና በፋይናል ሰሞን ነው። በምትኩ የሕክምና ተማሪ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ተሰናብቶት የሚሄደውን ኬሚስትሪ እሱ ይዞት ይቀጥላል፤ የላብ ሪፖርቱ፣ ስሌቱ፣ የቀመሩ ዝርዝር በየሳምንቱ ይጠብቀዋል። ሕክምና በትልልቅ ፈተናዎች ያንቀጠቅጣል፤ ፋርማሲ በትንንሽ ግዴታዎች ያደክማል። ለአንዳንዱ ሰው ሁለተኛው ይበልጥ ይከብደዋል፤ በተለይ ሴሚስተሩን ዘና ብሎ አሳልፎ በመጨረሻው ሳምንት ቸከል ለማድረግ ለለመደ ተማሪ ፋርማሲ ምሕረት የለውም።

ከትምህርቱ ባሻገር ያለውን ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በሽታውን የሚመረምረውና የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ፋርማሲስቱ የታዘዘው መድኃኒት ለዚህ ታማሚ፣ በዚህ መጠን፣ ከሌሎቹ መድኃኒቶቹ ጋር የሚስማማ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ካልተስማማም ለሐኪሙ ይናገራል። አንዳንዴ ይሰማል፤ አንዳንዴ «መድኃኒቱን ስጥ እንጂ» ይባላል። ሕዝቡም ቢሆን አምስት ዓመት የተማረውን ባለሙያ «መድኃኒት ሻጭ» ብሎ ይጠራዋል። ታማሚን ይዞ ከምርመራ እስከ ፈውስ መከታተል የሚመኝ፣ ምኞቱም ከልቡ የሆነ ተማሪ፣ ፋርማሲ ውስጥ ውጤቱ ቢያምርም ጥማቱ አይረካም። ስለዚህ ፋርማሲን ለሕክምና ምትክ አድርጎ መሙላትን አልመክርም፤ እንዲህ ሞልተው ከመጡ ተማሪዎች መካከል ሦስተኛው ዓመት ላይ ኬሚስትሪው ሲጠና «ድሮም የእኔ ምርጫ አልነበረም» የሚለው ሰበብ በእጃቸው ስላለ ቶሎ ይላላሉ። በአንጻሩ የደም ሽታ የሚከብደው፣ የሰው ሕይወት ላይ በደቂቃ ውስጥ መወሰን የሚያስጨንቀው፣ ነገር ግን ዝርዝር ነገር የማይሰለቸው ተማሪ ጂፒኤው ለሕክምና ቢበቃም እንኳ ፋርማሲን አንደኛ ቢያደርግ አላፍርበትም።

ከላቦራቶሪ፣ ከነርሲንግና ከጤና መኮንንነት ጋር

እነዚህን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ከፋርማሲ ጋር የሚያወዳድራቸው ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ዓመታቱ ቁጥር ብቻ ነው፤ በአብዛኛው የአራት ዓመት ትምህርቶች ናቸውና። የሕክምና ላቦራቶሪ ለፋርማሲ ከሁሉም የሚቀርብ ዘመድ ነው፤ ጥንቃቄን፣ የጥራት ቁጥጥርንና የማይቸኩል እጅን ይጠይቃል። ልዩነቱ የላቦራቶሪው ተማሪ በማይክሮስኮፕ ሥር የወባን ጥገኛ ከቆሻሻ ጠብታ ለይቶ ማየት ሲኖርበት፣ የፋርማሲው ተማሪ ሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት ያለበት መሆኑ ነው። ከሰው ጋር መነጋገር የሚከብደው ተማሪ ላቦራቶሪን ቢያስቀድም ይሻለዋል። ነርሲንግ ተማሪውን ቶሎ ወደ ታማሚው ያስገባዋል፤ ጉልበትና ትዕግሥት ይፈልጋል። ጤና መኮንንነት ደግሞ ምርመራንና የማኅበረሰብ ጤናን ስለሚያጣምር፣ ከጤና ጣቢያ እስከ ወረዳ አስተዳደር መሥራት ለሚፈልግ ይስማማል። በኬሚስትሪ ደካማ የሆነ፣ በባዮሎጂ ግን የሚጎብዝ ተማሪ ከእነዚህ አንዱን ቢመርጥ ጊዜውንም ጤናውንም ያተርፋል።

ዲግሪ ወይስ ደረጃ 4

ይህኛው ንጽጽር በከተማ ቤተሰቦች ዘንድ አይወራም፤ «ልጄ ዲግሪ ነው የሚማረው» ተብሎ ይዘጋል። ነገር ግን ጉዳዩ በደንብ ሊታይ የሚገባው ነው። በቴክኒክና ሙያ መንገድ የሚሰጠው የፋርማሲ ሥልጠና ከዲግሪው አጭር ነው፤ በመጨረሻው የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ሠልጣኙን ይጠብቀዋል፤ ትምህርቱም በማደልና በማከማቸት ላይ ስለሚያተኩር ሜዲሲናል ኬሚስትሪውና ክሊኒኩ ያን ያህል አይጠልቁም። ከባድነቱ ሌላ ነው፤ ሥራው ላይ ፈጥኖ መድረስ፣ የመድኃኒት ስሞችንና የሐኪሞችን የእጅ ጽሑፍ በአጭር ጊዜ መልመድ ይጠይቃል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በፈቃድ ጊዜ ነው። በአገራችን የመድኃኒት ችርቻሮ ቤቶች ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት በሚል ተለይተዋል። ፋርማሲን በኃላፊነት ለመያዝ ፋርማሲስት መሆን ያስፈልጋል፤ በመካከለኛ ደረጃ የሠለጠነው ባለሙያ መድኃኒት መደብርን ይይዛል፤ በመደብሩም የሚገኙት መድኃኒቶች ዝርዝር ከፋርማሲው ይጠብባል። ስለዚህ የራሴን ፋርማሲ እከፍታለሁ ብሎ የሚያልም ሰው በደረጃ 4 ቢጀምር እንኳ አንድ ቀን ወደ ዲግሪው መመለሱ አይቀርም፤ ሲመለስም እየሠራ ስለሚማር የማታውና የቅዳሜው ትምህርት ከቀኑ ሥራ ጋር ተደርቦ ይጠብቀዋል። በጥቅሉ ሲታይ ዓመታቱ ከቀጥተኛው ዲግሪ ይበልጣሉ። ያም ሆኖ ታናናሾቹን ማስተማር ያለበት፣ ቤተሰቡ አምስት ዓመት ሊጠብቀው የማይችል ልጅ ይህን መንገድ ቢመርጥ ያስተዋለ ነው እላለሁ። መስኮቱ ላይ ለሚቆመው ታማሚ የሚያስፈልገው የተረዳውን ነገር የሚነግረው ሰው ነው፤ ከጀርባው ያለውን የምስክር ወረቀት አያይም።

የመንግሥት ወይስ የግል ተቋም

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው በወጪ መጋራት ይማራል፤ በግል ተቋም ወላጅ ከኪሱ ይከፍላል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው ክፍያው ከመከፈሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። ተቋሙ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚሁ ለፋርማሲ ፕሮግራም የታወቀ መሆኑን ማየት የመጀመሪያው ነው፤ ለነርሲንግ የተሰጠ እውቅና ለፋርማሲ አይሠራም። ቀጥሎ ላቡን ማየት ያስፈልጋል፦ ሚዛኑ ይሠራል ወይ፣ ኬሚካሎቹ ጊዜያቸው አላለፈም ወይ፣ አንድ ቢዩሬት ለስንት ተማሪ ነው? በመጨረሻም ተማሪዎቹ ለአምስተኛው ዓመት ልምምድ የሚመደቡበት ሆስፒታል የትኛው እንደሆነና ውሉ በጽሑፍ መኖሩን መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ያለማመድኳቸው አንዳንድ ተማሪዎች ክሪምና ሽሮፕ ማዘጋጀትን በስላይድ ብቻ ተምረው የመጡ ነበሩ፤ ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የመንግሥትም የግልም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ስላለበት፣ በላብ የጎደለው ነገር በዚያ ቀን መውጣቱ አይቀርም።

ከምረቃ በኋላ የሚጠብቀው ሥራ

ትምህርቱ የሚጠይቀውና ሥራው የሚጠይቀው አንድ አይደሉም፤ መራጩ ይህንንም ቢያስብበት መልካም ነው። አብዛኛው ተመራቂ የሚያስበው ሆስፒታል ወይም እንደ ከነማና ቀይ መስቀል ያሉ መድኃኒት ቤቶችን ነው። ከዚህ ሌላ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ እንደ ኢፋርምና እንደ አዲግራቱ አዲስ መድኃኒት ፋብሪካ ያሉ አምራቾች፣ እንዲሁም አስመጪ ድርጅቶች ፋርማሲስት ይቀጥራሉ። በፋብሪካና በቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው የመካከለኛው ዓመት ኬሚስትሪ ይጠቅመዋል፤ በዋርድ የሚሠራው ፋርማኮቴራፒውን በየቀኑ ያነሣዋል።

ብዙ ወጣት ፋርማሲስት የሚደነግጠው ግን በመጋዘን ሲመደብ ነው። የቢን ካርድ (የክምችት መመዝገቢያ ካርድ) ሚዛን መጠበቅ፣ በሞዴል 19 መረከብ፣ በሞዴል 22 ወጪ ማድረግ፣ በየሁለት ወሩ የሪፖርትና የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ መላክ፣ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረቡትን ለይቶ ወደ ፊት ማውጣት የሥራው ግማሽ ነው። በዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት አቅርቦት አስተዳደር የሚባለውን ኮርስ «የሚያስተኛ» ብለው የዘለሉት ተማሪዎች እዚህ ይጸጸታሉ። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተነሥቶ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይት አሠራር ከመጣ ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱ ክኒን በደረሰኝ ገብቶ በደረሰኝ ይወጣል፤ የጠፋውን የሚመልሰው ፋርማሲስቱ ነው። ሒሳብና መዝገብ የሚጠላ ሰው ይህን ክፍል ሳያይ ሙያውን አይምረጥ።

ወደ ውጭ አገር ለሚያስቡ

አሜሪካ ለመሄድ ወይም ልጃቸውን ወደዚያ ለመውሰድ የሚያስቡ ቤተሰቦች ሁለት መንገዶችን ያነጻጽራሉ፤ እዚህ ተምሮ መሄድ ወይስ ሄዶ መማር። እዚያ ፋርማሲስት ለመሆን የሚያስፈልገው ፋርም ዲ የሚባለው ዲግሪ ሲሆን፣ የመሰናዶ ኮሌጁ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ የሙያው ትምህርት ደግሞ በተለመደው አራት ዓመት ይወስዳል፤ ክፍያውም በብዙ ተማሪ ላይ የዓመታት ዕዳ ይጥላል። እዚህ ተምሮ የሄደ ሰው በበኩሉ የውጭ ተመራቂዎች የሚወስዱትን ኤፍፒጂኢኢ የተባለውን ፈተናና የእንግሊዝኛ ፈተናውን ቶፍልን አልፎ፣ የልምምድ ሰዓት ሞልቶ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ናፕሌክስንና የሚኖርበትን ስቴት የሕግ ፈተና መውሰድ አለበት። በሥራ ላይ ሆኖ፣ ብዙውን ጊዜ ቴክኒሻን ሆኖ እየቆመ የሚያነብ ሰው ይህን ጉዞ ለመጨረስ ዓመታት ሊወስድበት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ብዙዎች ዘግይተው የሚሰሙት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 መጀመሪያ ወዲህ የተመረቀ ሰው ወደዚያ ፈተና ለመቅረብ ቢያንስ የአምስት ዓመት የፋርማሲ ትምህርት የተማረ መሆን አለበት። በዚህም ምክንያት ከዚያ በኋላ በድሮው የአራት ዓመት ሥርዓት የተመረቁ ወገኖቻችን በሩ ተዘግቶባቸው ቆይተዋል፤ የአምስት ዓመቱ ተመራቂ ግን ይህ እንቅፋት የለበትም። ውጭ አገርን የሚያስብ ተማሪ ትራንስክሪፕቱንና የኮርሶቹን ዝርዝር ማኅተም ያለበት ቅጂ ገና ጊቢ ሳለ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ከተመረቁ ከአሥር ዓመት በኋላ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት በር ላይ መሰለፍ ራሱን የቻለ ኮርስ ነው።

ቅጹ ከመሞላቱ በፊት

ወደ እኔ መጥተው ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች ሁለት ነገር አዛቸዋለሁ። የመጀመሪያው ከላይ ያስቀመጥኩትን የሽሮፕ ስሌት፣ ቁጥሮቹን ቀይረው፣ ለ9 ኪሎና ለ17 ኪሎ ሕፃን አሥር ጊዜ ያለ ካልኩሌተር እንዲሠሩት ነው። አሥሩንም ትክክል ለመሥራት መታገሥ ከቻሉ ጥሩ ነው፤ አራተኛው ላይ ከሰለቻቸው መሰልቸታቸውን ልብ ይበሉት። ሁለተኛው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በአቅራቢያቸው ወዳለው የመንግሥት ሆስፒታል ሄደው ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ራቅ ብለው አንድ ሰዓት እንዲቆሙ ነው። ሰልፉ ይረዝማል፤ አንዱ «ይህ መድኃኒት የለም» ሲባል ይቆጣል፤ አንዲት እናት ስለ አወሳሰዱ ሦስተኛ ጊዜ ትጠይቃለች። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ባለሙያ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስረዳ ፊቱን ይመልከቱ፤ ከዚያም ያ ፊት የእነሱ ቢሆን ይስማማቸው እንደሆነ ይነግሩኛል። ባለፈው ዓመት አንዷ ተመልሳ መጥታ «ሴትዮዋ ስትሄድ ጠርሙሱን ረስታው ነበር፤ ሮጬ ሰጠኋት» አለችኝ። ቅጹን እንዴት እንደሞላች መጠየቅ አላስፈለገኝም።